ሰሞኑን ስንት ቀን ነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «ሱን» የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ቃል፣ የእኛዋ «ሰሞኑን»፣ ስንት ቀን ናት? ደብረ ታቦር እንግሊዝኛ ሳስተምር ስምንት ዓመቴ ነው፤ እኔም አላውቃትም። ሰሌዳ ላይ መስመር አሰምርና «ሱን» እዚህ ጋ፣ «ሌተር»፣ «በኋላ» ማለት፣ እዚያ ጋ፣ «ሰም ዴይ»፣ «አንድ ቀን» የምትለዋ ደግሞ ከሰሌዳው ወጥታ መስኮቱ አካባቢ እላለሁ። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ በቀን ሲሰላስ አለኝ። ቀን የላትም፤ ውበቷም እሱ ነው አልኩት። ምን ላድርግ? እኔ ራሴ የምኖረው በዚያች ውበት ነበር።

ከአስቴር ጋር ሦስት ዓመት ቆይተናል። ሐሙሲት ከተማ ነርስ ናት። ሽማግሌ መቼ ትልካለህ ባለችኝ ቁጥር መልሴ አንድ ነው፤ «ሰሞኑን»። በሰኔም ሰሞኑን፣ በጥርም ሰሞኑን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

በመጨረሻ ላክሁ። የነፍስ አባቴ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሄዱ። አባቷ አክብረው ተቀበሏቸውና «ከዘመድ መክረን ሰሞኑን መልስ እንልካለን» አሏቸው። አያችሁ? የገዛ ቃሌ ዞራ መጣችብኝ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት። የሴት አባት እንዲህ ሲል «ተመልሳችሁ ደጅ ጥኑ» ማለቱ እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል። በአንድ ጥያቄ እሺ ያለ አባት፣ ልጁ ከብዳው ነው ይባላል። አባም በሳምንቱ እንመለስ አሉኝ። እኔ ግን መምህር ነኛ! እንልካለን ብለዋል እኮ፣ ቃላቸውን እንጠብቅ ብዬ ከለከልኋቸው። አባ ጭራቸውን ነስነስ አድርገው «የቸኮለስ አፍሶ ይለቅማል ልጄ፤ የዘገየ የሚለቅመውም አያገኝ» አሉኝ። ሁለት ወር ጠበቅሁ። አባቷ ለካ፣ አንድ ቀን ብቅ ብለው ልጄን ሊወስዱ ነው፣ ናቁኝ እያሉ ኖሯል።

አንድ ማለዳ ክፍል ልገባ ስል አስቴር ደወለች።

«ሰርጌ ነው» አለችኝ።

መቼ አልኳት።

«ሰሞኑን» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የዚያች ቃል ርዝመት ያን ጊዜ ገባኝ። ጠመኔዬን እንደያዝሁ ሮጬ አባን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዝኋቸው። ሽማግሌዎቹን ሰብስበን በሚኒባስ ጫንኋቸው፤ ከምሳ በፊት ሐሙሲት ገቡ። አባቷ «ምነው ይህን ያህል ቆያችሁ?» ብለው ተቆጡ፤ ተቆጥተው ሲያበቁም ቀን ቆረጡልን።

ሌላ ጠያቂ ኖሮ አያውቅም ለካ! ሰርጉ ካለፈ በኋላ፣ ምነው እንደዚያ ዋሸሽኝ ብላት ዓይኗን እንኳ አላሸችም።

«ሰርጌ ነው አልሁህ፤ መቼ ነው አልኸኝ። ከማን ጋር ብለህ መች ጠየቅኸኝ?»