ጋሽ ፍሬን፣ ስኳራቸውና ብስክሌታቸው

ሕመሙን እንደ ሹመት የተቀበለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላው ሰው «ስኳር አለብህ» ሲባል አንገቱን ደፍቶ፣ ጎረቤት እንዳይሰማበት ድምፁን ቀንሶ ቤቱ ይገባል። ይሄኛው ግን ከሐኪም ቤት የሚወጣው ደረቱን ነፍቶ ነው። በሳምንቱ ስለ ቆሽት የማያውቀው ነገር አይኖርም፤ በወሩ ደግሞ የእናንተን ቆሽት ጭምር ማስተዳደር ይጀምራል።

የኛ ሰፈር ተሿሚ ጋሽ ፍሬን ናቸው። ሠላሳ ዓመት መኪና መንዳት አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ቅጽል ስሙን ያተረፉትም ከተማሪው ጎን ተቀምጠው «ፍሬን! ፍሬን አልኩህ እኮ!» እያሉ ሲጮኹ ነው። ሐኪማቸው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ቢመክራቸው የእግር ጉዞን ንቀው ቀጭን ጎማ ያለው የመንገድ ብስክሌት ገዙ። እንዲህ ባለው ብስክሌት ላይ ሌላው ሰው የሚጎነበሰው ለፍጥነት ነው። ክቡርነታቸው የሚጎነበሱት በመኪና መስኮት በኩል ሾፌር ለመገሠጽ ነው።

«መስታወት አይተሃል?» ይላሉ ቀይ መብራት ላይ፣ የታክሲውን በር አንኳኩተው። ሾፌሩ ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ሲያያቸው ይደነግጣል፤ የከተማው ሾፌር ግማሹ የሳቸው ተማሪ ነው። «ጋሼ! ደህና ነዎት?» ይላል። «እኔን ተወኝ፤ መስታወት አይተሃል ወይ?» አንድ ቀን አምቡላንስ አስቁመው ምልክት ሳያሳይ በመታጠፉ ወቅሰውታል። ደግነቱ ውስጡ ሕመምተኛ አልነበረም።

ቤታቸው የገባ እንግዳም ጣቱን ሳይወጋ አይወጣም። እኔን ለክተው የጤነኛ ሰው ቁጥር፣ ዘጠና አራት፣ ሲሆንባቸው ቅር አላቸው። «ለጊዜው ነው» አሉኝ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ቁልቁለቱ ላይ ስኳራቸው ወርዶ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ቦይ ውስጥ ተገኙ። ክርናቸው ተልጦ፣ ላብ አጥምቋቸው፣ «አልወደቅኩም፤ ቆሜ ነው» እያሉ ከዳቦ ሻጯ ጋር ይከራከሩ ነበር። ሐኪሙ ግን ክርክር አልሰማም። «ሦስት ወር ያለ አጃቢ ጎዳና አይወጡም። ስኳርዎ ሲወርድ ራስዎ ማወቅ ካልቻሉ ብስክሌቱን ይሰናበቱታል» አላቸው።

አጃቢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ብቃቴ ታይቶ እንዳይመስላችሁ፤ በሰፈራችን ሌላ ብስክሌት ያለው ሰው ጠፍቶ ነው። የኔውም ቢሆን ልብስ ማስጫ ከሆነ ሰንብቷል። እምቢ ልል ስል ፋርማሲስት ልጃቸው በር ላይ ያዘችኝ።

«ወንድሜ፣ ከብስክሌቱ በፊት አባዬን ቤት ውስጥ አላየኸውም» አለችኝ። «ጡረታ በወጣ ማግስት ሶፋ ላይ ተጋደመ። መርፌውን ይዘላል፣ ስልክ አያነሳም። ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር አልተጣላም።»

ጋሽ ፍሬን ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር ሳይጣሉ! በቁም መሞት ማለት ይሄ ነው። ልብሱን ከብስክሌቴ ላይ አነሳሁ።

ከዚያ ወዲያ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢያቸው መገኘት የኔ ዕጣ ሆነ። መጀመሪያ ጣታቸውን ወግተው ይለካሉ፣ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ከመቶ በታች ከሆነ ሙዝ ይበላሉ፤ ከመቶ በላይ ከሆነ እኔ እቀጣለሁ። «ጉልበትህን ሰብስብ! ማርሽ ቀይር! ዳገት እንዲህ አይወጣም!» ሁለት ሳምንት ሙሉ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት በግማሽ ጎኔ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ዳገቱ መሐል ላይ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ብንል አይሻልም?» አልኳቸው።

«ልክ ነህ» አሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው፤ ይህን ቃል ካፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ቀጥለውም «ደግሞ ጎበዝ ነጂ ነህ» ሲሉ ፀጉሬ ቆመ። የብስክሌታቸውን መሪ ይዤ አስቆምኳቸው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መለኪያውን መያዝ ስላልቻሉ ጣታቸውን የወጋሁት እኔ ነኝ። ሃምሳ ስምንት! ከሰባ በታች አደጋ ነው። ከኪሴ ጭማቂ አውጥቼ አጠጣኋቸውና የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት ነው ሕጉ።

በስምንተኛው ደቂቃ ላይ መሬት መሬት እያዩ «ለልጄ አትንገራት» አሉኝ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ። ሶፋው ትዝ አለኝ፤ ዓይኔን ወደ ሰዓቴ መለስኩ።

በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ዘጠና ሰባት ደረሰ። «ምን ዓይነት ጭማቂ ነው የገዛኸው? አፍ ያጣብቃል!» አሉ። ስሰደብ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ደብተራቸውን አወጡና በቀይ እስክሪብቶ «ማክሰኞ፣ ዳገት፣ 58። አላወቅኩም» ብለው ጻፉ።

«እንዳልነግር አላሉኝም እንዴ?»

«ጥፋቱን የደበቀ ተማሪ አሳልፌ አላውቅም» አሉኝ ቆጣ ብለው። የዚያኑ ቀን ሐኪሙ ጋ ራሳቸው ደወሉ። የጧቷ መርፌ መጠን ተቀነሰ።

በአሥረኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከኋላቸው እያለከለክሁ ስከተል ክንዳቸውን ዘርግተው ምልክት ሰጡ፤ ወደ ኋላ ገልመጥ አሉና ዳር ይዘው ቆሙ። የሚገሥጹት ሾፌር ያገኙ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን መለኪያቸውን እያወጡ ነው። ስልሳ ስምንት። ከረሜላቸውን ቆረጣጥመው፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ ጠበቁ። እኔ ምንም አላደረግኩም። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሐሙስ፣ 68። አወቅኩ» ብለው ሲጽፉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ተጋብቶብኝ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሐኪሙ ክፍል ገባን፤ እሳቸው፣ ልጃቸውና እኔ። ሠላሳ ዓመት ሌላውን ሲፈትኑ የኖሩት ሰውዬ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ሐኪሙ ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጠ። ሐሙስ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ ጥሩ ነው» አለ። «እኔ የፈለግኩት ግን ይሄንን ነበር። ስኳርዎ አንዳንዴ መውረዱ አይቀርም፤ ሐሙስ ዕለት ግን ራስዎ አውቀው ቆመዋል። ከነገ ጀምሮ ብቻዎን መውጣት ይችላሉ።»

ጋሽ ፍሬን ደብተራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። ልጃቸው እንባዋን እየጠረገች ወደኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንተም ነፃ ወጣህ! እስኪበቃህ ተኛ።»

ይህን ቀን ሦስት ወር ሙሉ ቆጥሬዋለሁ። አፌ ግን ከኔ ጋር ሳይመክር «ለጥንቃቄ ያህል... ሌላ ሦስት ወር ቢጨመርስ?» አለ።

ሐኪሙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «ያሳሰበህ ነገር አለ?»

የቆሽት ሕግ ሁሉ ተምሬ ነበር፤ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

«የለም» አልኩ። «ብቻዬን መንዳት አልፈልግም። ለምጃቸዋለሁ።»

ጋሽ ፍሬን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ሊስቁብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ሐኪሙ አዞሩና «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ማርሽ አቀያየሩ ገና ነው። ብቻውን ጎዳና ላይ ልለቀው አልችልም» አሉት።

ልጅ የተባልኩት እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሬን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው።