እመት ጦጢት የገመተችው ተራራ

ተረቴ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት። እንስሳት አፍ አውጥተው በሚናገሩበት፣ ሰው ግን ገና ስብሰባ መቀመጥ ባልለመደበት በዚያ ዘመን፣ እርጥቤ የሚባል ተራራ ነበር። ስሙን ያገኘው በጋ ከክረምት ስለማይደርቅ ነው። አናቱ ላይ ዝግባ፣ ወገቡ ላይ ወይራ፣ እግሩ ሥር ደግሞ አፉን እንደሚፈታ ሕፃን የሚንተባተብ ምንጭ ነበረው።

እንስሳቱ ሁሉ የሚበሉት ከዚያ ተራራ ነበር። ዝሆን ዛፉን እየገነደሰ፣ ጎሽ ሣሩን ከነሥሩ እየነጨ፣ ከርከሮ አፈሩን እየገለበጠ፣ ዝንጀሮ ቡቃያውን እየለቀመ፣ ሁሉም «እኔ ብቻዬን ምን አጎድላለሁ?» ይል ነበር። ሁሉም ለየብቻው ያጎደለው ሲደመር ተራራው መላጣ ሆነ። ክረምት ሲገባ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው፤ በጋ ሲመጣ ምንጩ ጭቃ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ውሃ የጠማው ሁሉ ቆላ ወርዶ ትልቁ ወንዝ ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት። ወንዙ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ። ከሄዱት የሚመለሱት እያነሱ መጡ። አንድ ቀን የእመት ድኩላ ግልገል ውሃ ልትጠጣ አንገቷን እንዳጎነበሰች በዚያው ቀረች። እናቲቱ ዳገቱን ብቻዋን ወጥታ ተመለሰች። አላለቀሰችም፤ ለእንባ የሚሆን ውሃ በሰውነቷ አልተረፈም ነበር።

ይህን ያየችው እመት ጦጢት አላስችል አላት። እመት ጦጢት እርጥቤ ላይ፣ ዝግባ ቅርንጫፍ ላይ የተወለደች ናት። ዝግባው ከወደቀ ወዲህ የምትኖረው ከአያ ኤሊ ጎን፣ አንድ ቀጫጫ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው።

«አያ ኤሊ፣ እንዲህ ሆነን አንዘልቅም፤» አለችው። «ተራራውን እናሳርፈው።»

«እኔማ ከተራራው ምን ወስጄ አውቃለሁ?» አለ ኤሊ። «ለሚበሉት ንገሪያቸው።»

ሄዳ ለአያ አንበሶ ነገረችው፤ አያ አንበሶም ስብሰባ ጠራ። ስብሰባ መጥራት ይወዳል። ሁሉንም ባንድ ቦታ፣ ያውም ቁጭ እንዳሉ የሚያያቸው ያን ጊዜ ብቻ ነዋ።

እመት ጦጢት ጉቶ ላይ ወጥታ ተናገረች። «ሦስት ክረምት ተራራውን እንተወው። የሚበላ አይውጣበት። ከርከሮዎች ዝናብ የሚይዝ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ዝንጀሮዎች ድንጋይ እየከመሩ እርከን ይሥሩ፤ ወፎች የዛፍ ፍሬ ያራግፉበት። ያን ጊዜ ምንጩ ይመለሳል።»

አያ ጅቦ እጁን አወጣ። በዚያ አገር አያ ጅቦ እጁን ካላወጣ ስብሰባ ተደረገ አይባልም ነበር።

«ሐሳቡስ ጥሩ ነው። ጥቅሙ ግን ምንድን ነው?»

«ውሃ ነዋ!»

«ውሃማ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው። በነፃ የሚገኝ ነገር ደግሞ ጥቅም አይባልም። ሦስት ክረምት ሆዳችንን አስረን የምንቀመጠው ምን ያህል ልናገኝ ነው? ይገመት!»

«ይገመት! ይገመት!» አለ ጉባኤው። ብዙዎቹ ምን እንደሚገመት አልገባቸውም፤ ቃሉ ግን ደስ አላቸው።

እመት ጦጢት የምታውቀውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። «ምንጩ የሚመለስ ይመስለኛል። ብዙ ይሁን ትንሽ ግን የሚያውቀው ዝናቡ ነው። ግልገሎቻችን አዞ አፍ አይገቡም፤ ይህን አውቃለሁ።»

ጎሽ አዛጋ። አያ አንበሶ አንቀላፋ። አያ ጅቦም «የእኔን ልጅ አዞ አልበላብኝም» አለና ስብሰባው ተበተነ።

እመት ጦጢት ተናደደች፤ ጭራዋን እየነከሰች ስታስብ ዋለች። ከዚያ ተነሥታ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። መጀመሪያ የሄደችው ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ነው።

«አያ ጅቦ፣ እስቲ ስማኝ። ዛሬ የሚሞተው ሁሉ የት ነው የሚሞተው?»

«ወንዝ ዳር ነዋ፣ አዞ ሆድ ውስጥ።»

«አጥንቱስ?»

«አጥንቱንም ይውጠዋል፣ ያ አረመኔ!»

«ምንጩ ሲመለስ ግን ሁሉም ደጅህ ይውላል። እዚሁ ያረጃል፣ እዚሁ ይሞታል። የአጥንቱ ክምር ይታይህ።»

አያ ጅቦ ታየው። ለሃጩ ደረቱ ላይ ወረደ። «ግምት ማለት እንዲህ ነው!» አለ።

ከዚያ ወደ ጎሽ ሄዳ ሆድ የሚደርስ ሣር ገመተችለት። ለከርከሮ ክንድ የሚያህል ሥራ ሥር፣ ለዝንጀሮ ቅርንጫፍ የሚያጎብጥ ፍሬ፣ ለዝሆን ቢገፋው የማይሰለቸው ዛፍ ገመተችላቸው። አያ አንበሶ ዘንድ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጌታዬ፣ ያን ሁሉ ሣር የበላ ጎሽ እንዴት እንደሚሰባ ያስቡት እስቲ።»

አያ አንበሶ ጢሙን ላሰ።

ደስ ብሏት ስትመለስ አያ ኤሊ ደጁ ላይ ጠበቃት። «እመት ጦጢት፣ ሣሩን ለጎሽ ሰጠሽ፣ ጎሹን ለአንበሳ ሰጠሽ፣ የሁለቱን አጥንት ደግሞ ለጅብ። አንዱን ነገር ስንት ቦታ ነው የምትቆጥሪው?»

«ካልጎመጁ አይነሡማ!» አለች። «አንዴ ይነሡልኝ እንጂ፣ ውሃው ሲመጣ ያዩታል። ውሃ ያየ ምን ይጠይቃል?»

«የጎመጀ ይጠይቃል፤» አለ ኤሊ፤ አንገቱንም ወደ ድንጋይ ልብሱ መለሰ።

እመት ድኩላ ቤት ግን ማንም አልሄደም። ምንም አልተገመተላትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ከሁሉም ቀድማ እጇን አወጣች። ሌሎቹም እየተሻሙ ተስማሙ፤ ማን ማንን እንደሚበላ የጠየቀ አልነበረም።

ሥራው ተጀመረ። እውነት ለመናገር አሠራራቸው ያምር ነበር። ከርከሮዎች ቆፈሩ። ዝንጀሮዎች ድንጋይ እየተቀባበሉ፣ ግማሹን ጊዜ በመሳደብ፣ ግማሹን በመሥራት እርከኑን አቆሙ። ወፎች ከሩቅ ደን ፍሬ እየበሉ መጥተው እዚያ ተፀዳዱ፤ ለአገር ሥራ ከዚህ የቀለለ መዋጮ አልታየም። አያ ጅቦ ራሱ የተራራው ዘበኛ ሆነ። ሆዱ እየጮኸ፣ የአጥንት ክምሩን እያለመ፣ አንዲት ፍየል እንኳ አላሳለፈም።

በመጀመሪያው ክረምት ሣር ወጣ። በሁለተኛው ቁጥቋጦ ጎርፉን እግሩን ጠልፎ አስቀመጠው። ሦስተኛው ክረምት ወጥቶ በጋው ሲጠና፣ ሁሉም ጭቃውን ከበው ሲያዩ፣ ከሥሩ የሆነ ነገር ቡልቅ አለ። ከዚያ ምንጩ መናገር ጀመረ።

እመት ድኩላ ያን ጊዜ ሌላ ግልገል ወልዳ ነበር። በአፍንጫዋ እየገፋች አቀረበቻት። ግልገሏ የራሷን ፊት ውሃው ውስጥ አይታ ደነገጠች፤ ቀጥላ ጠጣች። እመት ድኩላ ዙሪያውን ደጋግማ ቃኘች። አዞ የለም። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። እመት ጦጢትም አንድ ቡቃያ ዝግባ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ማንም እንዳያያት ፊቷን አዙራ፣ አብራት አለቀሰች።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሁሉም ጠጥቶ ከረካ በኋላ አያ ጅቦ መጣ።

«እመት ጦጢት፣ አጥንቴስ?»

«የምን አጥንት?»

«ያ ክምር ነዋ!»

«አያ ጅቦ፣ ውሃው ስለቀረበ እኮ የሚሞት ጠፋ።»

«እንግዲያው እኔ ከሰርኩ! አልሞት ያለው ሁሉ የእኔን ድርሻ ይዞ ነው የሚዞረው!»

ጎሽም ተከተለ። «ሣሩ ሆድ ይደርሳል ብለሽኝ ጉልበቴ ላይ ቀረ። የቀረውን ማን ወሰደው?» ከርከሮ ሥራ ሥሩ ጣት እንጂ ክንድ አያህልም ብሎ አኮረፈ። ዝንጀሮዎች ድንጋይ የተሸከሙበትን ጀርባ እያሳዩ ጮኹ። ነገሩ ስብሰባ ደረሰ።

አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የእኔም ግምት አልተፈጸመም። ለእኔ የተባለው የሰባ ጎሽ ነበር።»

ጎሽ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ምን አሉ? እኔ ጥቅሙ ውስጥ ተቆጥሬአለሁ?»

ሁሉም እኔስ በማን ጥቅም ውስጥ ተቆጥሬ ይሆን እያለ ጎረቤቱን ያይ ጀመር። ጥንቸል ከቀበሮ አጠገብ ቀስ ብላ ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች።

እመት ጦጢት ጉቶው ላይ ወጣች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ካልጎመጃችሁ አትነሡም ብዬ አበዛሁት። ውሃው ግን ውሸት አይደለም፤ ይኸው ሲወርድ እዩት! ልጆቻችሁን ቁጠሩ፤ አልጎደሉም!»

«የጠጣነውንማ ጠጥተነዋል፤» አለ አያ ጅቦ። «የምንጠይቀው የቀረንን ነው።»

አያ አንበሶ ጥቂት አሰበና ፈረደ። «ጠብ እንዳይነሣ፣ ሁሉም የተገመተለትን ከተራራው ላይ ራሱ ይውሰድ። ጎሽ ሆይ፣ የአንተንና የእኔን ጉዳይ በኋላ እናየዋለን።»

ጭብጨባውን ገደሉ አስተጋባው። ተራራው በየድርሻው ተከፈለ። አያ ኤሊንም ለወጉ ያህል «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ከላይ ያለውን ገደል ስጡኝ።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ምንም ተፈቅዶልሃል!» ብሎ አያ ጅቦ ሳቀ፤ ጉባኤውም አብሮት ሳቀ።

ዝሆን ድርሻውን ገፋ፤ ጎሽ ድርሻውን ነጨ፤ ከርከሮ ድርሻውን ገለበጠ። አያ ጅቦ ደግሞ አጥንት ስላላገኘ ከእርከኑ ሥር ተቀብሮ ይሆናል ብሎ ድንጋዩን ናደው። የዝግባው ቡቃያ የማን ድርሻ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሲጠፋ ግን የሁሉም እግር ዱካ አጠገቡ ነበር። በሚቀጥለው በጋ ምንጩ መናገሩን ተወ።

እመት ጦጢትና እመት ድኩላ ከነግልገሏ ወደ አያ ኤሊ ገደል ገቡ። ምንም የለበትም ተብሎ ማንም ስላልወጣበት፣ ገደሉ ላይ የበቀለው ቁጥቋጦ እንዳለ ቆይቷል። በቁጥቋጦው ሥር ከሚያልፈው አለት ውስጥ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይል ነበር። እመት ጦጢት በየዕለቱ ፍሬ እየለቀመች በአለቱ ስንጥቅ ትተክላለች። ለማንም አትናገርም፤ ቢጠይቋትም «እየተጫወትኩ ነው» ትላለች።

ወሬው ግን አይደበቅምና ተሰማ። ዝሆንም ጎሽም ከርከሮም ሰልፍ ይዘው ገደሉ አፍ ላይ ቆሙ። አያ ኤሊ ማንንም አልከለከለም፤ እየተራ በምላሳቸው ጠብታዋን ይቀበላሉ፣ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ተራው የአያ ጅቦ ሆነ። ጠብታዋን ላሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያም ወደ ሰልፉ ዞረ።

«ወገኖቼ፣ ይህች ጠብታ እኮ ብትገመት ብዙ የምታወጣ...»

እመት ጦጢት ከአለቱ ላይ ዘላ ወርዳ አፉን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ባክህ ዝም በል አያ ጅቦ! ዋጋዋ ሳይታወቅ እንጠጣት።»