በኦቦ ጉደታ መስክ ላይ የተተከለው ድንኳን

ብርድን ፈልጎ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ፤ ይህን ዓይነቱን ግን እስካለፈው ታኅሣሥ አላየሁም ነበር። በእኛ አገር ብርድ ራሱ ነው ፈልጎን የሚመጣው። ጥርሳችንን ቢያመን ብርድ ነው፣ ወገባችንን ቢይዘን ብርድ ነው፣ ሆዳችን ቢነፋም ያው ብርድ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ጣት የምታስገባ ክፍተት ከተገኘች ተሳፋሪው በሙሉ መስኮቱ እንዲዘጋ ይጮኻል። ኮሮና እንኳ አላስከፈተንም። እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ ውርጭ ላይ ልተኛ እየሄድኩ ነው ቢል፣ ቤተሰቡ ወይ ጸበል ይወስደዋል ወይ ጸሎት ያስደርግለታል።

ሰውየው ወዳጄ ታምራት ነው። ከሆሳዕና መጥቶ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ሞተር ብስክሌት አለው፤ ሲያጥባት ያየ ሰው ሊድራት ነው ይላል። ነገር ግን በሕይወቱ ራቅ ብሎ የነዳት እስከ ጎረቤት ከተማ ተጂ ነው። የሚያውቃቸው ሞተረኞች ደግሞ ለገና ባሌ ተራሮች ላይ ወጥተው፣ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ ተዘጋጅተዋል። ታምራት ውሰዱኝ ቢላቸው ሰበታ ላይ ሹራብ በሹራብ የሚደርብ ሰው ባሌን አይችልም ብለው ሳቁበት። እሱ ግን ስለ ባሌ ማውራት ከጀመረ የቀረበለት ምግብ ይቀዘቅዛል። ለመነ፣ ተለማመጠ፤ በመጨረሻ ፈተና ሰጡት። ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ በውርጭ፣ በድንኳን አንድ ሌሊት ያድራል። ፀሐይ ወጥታ ድንኳኑን እስክትመታ የማንንም ቤት ደፍ ካለፈ ባሌ ቀረ። ምስክሩ እኔ ነኝ። የመረጡኝ ነገር ስለማልጨምር ነው።

ታምራት ይህን "የረጅም ርቀት ጉዞ" ይለዋል። ከሰበታ ተነሥቶ፣ ቡራዩ ላይ እኔን ከቤቴ አፈናጥጦ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ መውረድ ነው፤ ሰዎች በግ ጭነው በሚኒባስ የሚመላለሱበት መንገድ። እሱ ግን ሹራቦቹን ሁሉ ለብሷል፣ ሄልሜቱን ጠብቆ አስሯል፣ ንፋስ እንዳያስገባም ጃኬቱ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቋል። ጋዜጣው የእኛው ነው። ጽሑፌ ሰው ሲያሞቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረስን። ኦቦ ጉደታ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ከብቶቻቸውን ወደ በረት ሲያስገቡ አገኘናቸውና ከቤታቸው አጠገብ ባለው መስክ ላይ ለማደር ፈቃድ ጠየቅን። ቤት እያለ ለምን ሜዳ ላይ እንደሚታደር አልገባቸውም። ቤት መግባት እንደማይፈቀድለት አስረዳኋቸው። ታምራትን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ምን አጥፍቶ ነው?"

ምንም እንዳላጠፋ፣ ስለትም እንዳልተሳለ፣ ከሚስቱም እንዳልተጣላ፣ ወዶ እንደሆነ ነገርኳቸው። እውነቱ ከጥፋት ባሰባቸው። በዚህ ወር ላሞቻቸው እንኳ ደጅ አያድሩም፤ እንግዳ አጥራቸው ሥር ደርቆ ቢገኝ አገሩ ምን ይላቸዋል? ለመኑት፣ ተቆጡት፤ እምቢ አለ። "ዋቃዮ ይጠብቅህ እንግዲህ" ብለውት ገቡ።

እኔስ? እኔም ገባሁ። የፈተናው ደንብ ስለ ምስክር የሚለው ነገር የለም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚህ አገር ድንኳን ለምን ይተከላል? ወይ ለሰርግ ነው ወይ ለለቅሶ። ጎህ ሲቀድ ወተት ይዘው ወደ አስፋልቱ የሚወጡ ሴቶች በኦቦ ጉደታ መስክ ላይ ድንኳን አዩ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ዘፈን የለም፣ ጭፈራ የለም። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ልቅሷቸውን አወረዱት። ድምፃቸውን የሰማ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ፤ የእድሩ ሰዎችም አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ደረሱ።

ኦቦ ጉደታን የቀሰቀሳቸው ይኸው ልቅሶ ነው። ማን እንደሞተ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባቸውም። "እንግዳዬን! ነግሬው ነበር እኮ!" እያሉ በባዶ እግራቸው ወጡ። የቤቱ ባለቤት ሲያለቅሱ ያየ ለቀስተኛ ደግሞ የቀረችው ጥርጣሬም ጠፋችለት። ግራና ቀኝ ደግፎ ያዛቸው።

ታምራት ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ይሰማል። ኦቦ ጉደታ እንግዳዬ እያሉ ያለቅሳሉ። እንግዶቹ ሁለት ናቸው። ራሱን ዳሰሰ፤ በሕይወት አለ። ስለዚህ የሞትኩት እኔ፣ ምስክሩ፣ ነኝ።

ውርጭ ካደረቀው ዚፕ ጋር ታግሎ ወጣና ወደ ቤቱ ሮጠ። ሄልሜቱን እንዳደረገ ስለተኛ ማን እንደሆነ የለየው የለም። እኔ ከጋቢ ውስጥ ቀና ስል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ታምራት ከውጭ ቆሞ ስሜን እየጠራ ያነባል። እውነተኛ እንባ ነው፤ አይቼዋለሁ። እግሩ ግን ደፉ ላይ ሲደርስ ቆሟል። ወደ ምሥራቅ ዞር ብሎ ተመለከተ። ፀሐይ ገና ናት። ተመልሶ ማልቀሱን ቀጠለ።

ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ወጣሁ። ኦቦ ጉደታ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሄልሜቱን ያወለቀውን ታምራትን አዩ።

"ታዲያ የሞተው ማን ነው?" አሉ።

የሞተ ባይኖርም ወንበሩ መጥቷል፣ ንፍሮው ተጥዷል፤ ለቅሶ ደርሶ ሳይቀመጡ መመለስ ነውር ነው ተባለና ሁሉም ተቀመጠ። እኛም ተቀመጥን። ዘግይቶ የሚመጣው ሁሉ "እግዜር ያጥናችሁ" ይለናል፤ አሜን እያልን ንፍሯችንን በላን።

ስንመለስ ለምን እንዳልገባ ጠየቅሁት።

"ፀሐይዋ ስትወጣ ልገባ ነበር እኮ" አለኝ፣ ቅር ሳይለው። "አንተ እንደሁ የትም አትሄድ።"

ሞተረኞቹ ሰብስበው ሲጠይቁኝ ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ። ውርጭ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ አድሯል፤ የማንንም ቤት ደፍ አላለፈም። ለመግባት የሚያስገድድ ነገር ገጥሞት እንደሆነም ጠየቁኝ። ገጥሞታል፣ አልኩ። አልገባም። ተያዩና ባሌን ይችላል ብለው ፈረዱ።

የገና ዕለት ከተራራው ላይ ፎቶ ላከልኝ። ድንኳኑ ነጭ ሆኗል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እሱ ግን ጥርሱ እስኪቆጠር ይስቃል። "እግዜር ያጥናህ" ብዬ መለስኩለት።