የጌትና የቴክ ፕሮፌሰር

ዓረብ አገር አምስት ሐበሾች በአንድ የስልክ ግሩፕ ከተሰበሰቡ፣ አንዷ ፕሮፌሰር መሆኗ አይቀርም። በሳዑዲ የጂዛኗ ፕሮፌሰር ክብርት ሸዋረገድ ናቸው፤ ስድስት ቀን የሰው ቤት ሠራተኛ፣ በሰባተኛው የእንግሊዝኛ ሊቅ።

ክብርትነታቸው የሚያስተምሩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ጌት (get) እና ቴክ (take)። «ሌላው ትርፍ ነው» ይላሉ። «በእነዚህ ሁለት ለንደን ድረስ ይኬዳል።» ዓርብ ቀትር፣ አሠሪዎቹ መስጊድ ሲሄዱ፣ የድምፅ መልእክታቸው ይመጣል።

«ልብ በሉ እኅቶቼ። መድኃኒቱን ከፋርማሲ ብታመጪ ጌት ነው። ብትውጪው ቴክ ነው። ብትታመሚ ጌት፣ ፎቶ ብታነሺ ቴክ። ኸላስ፣ ተመዝግቧል።»

አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዷ ኢታፈራሁ «አውቶቡስ መሳፈርስ?» ብላ ብትጠይቅ፣ «እሱን ሁለቱም ይጣሉበታል» ተብሎ ክርክሩ ሦስት ዓርብ ፈጀ።

ሌላዋ ተማሪ አበቡ ይህን ሁሉ የምትሰማው አል-ኹባ በምትባል የገጠር መንደር፣ ከአሠሪዋ የፍየል በረት አጠገብ ቆማ ነው፤ ኔትወርኩ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። በሳምንት ውስጥ ጆሮዋ የሚገባው አማርኛም ያው ነው። ኢታፈራሁ አገሯ ገባች፤ የሌሎቹ ሁለት ተማሪዎች ስልክ ከተዘጋ ቆየ። የቀረችው ተማሪ አበቡ ብቻ ናት። ፕሮፌሰሯ ግን አሁንም «እኅቶቼ» ይላሉ።

አበቡ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ ትርጉሞቹ የሚያልቁበትን ቀን።

በቅርቡ ቴክ «ወጥ ላይ ጨው መርሳት» ነው ተባለ። ቀጥሎ «ፍየል ማሰር» ሆነ። አበቡ የአሠሪዋን ልጅ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምትማረውን ራውዳን ጠየቀቻት።

ልጅቱ ሳቀች። «ማነው ያለሽ? እንዲህ የሚባል ነገር የለም።»

አበቡ መጀመሪያ ተናደደች። ዕቃ እያጠበች ስታስበው ግን ገባት፤ ትርጉሞቹ ካለቁ ከርመዋል።

ባለፈው ዓርብ የሸዋረገድ ድምፅ ቀጥኖ መጣ። «እኅቶቼ» አላሉም። «አበቡዬ፣ እንግዲህ ሁለቱም አለቁ። ያላ፣ ደህና ሁኚ።»

አበቡ ፊደል የቆጠረችው በጎልማሳነቷ ነው፤ እያንዳንዱን ሆሄ ፈልጋ እስክትነካ ጊዜ ይወስድባታል። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ፕሮፌሰር፣ አንድ ይቀራል። ቴክ ማለት በረት ዳር ቆሞ ዓርብን መጠበቅም ነው። ራውዳ ናት ያለችኝ።»

መልሱ ብዙ ቆየ። ፍየሎቹ ገመዳቸውን ያኝካሉ።

ከዚያ ድምፁ መጣ፤ አፍንጫ ሳብ ሳብ ይደረግበታል።

«ተሳስታለች በያት። እሱማ ጌት ነው። ለማንኛውም በሚመጣው ዓርብ እናነጻጽራቸዋለን። እርሳስ ይዘሽ ጠብቂኝ።»