የእትዬ ወርቄ የጾም ሌመን ባር

ጓሮው የሎሚ ዛፍ ያለበት ቤት ስትከራዩ ተጠንቀቁ። ቀልዴን አይደለም። እኛ ከኦክላንድ አፓርትመንት ወጥተን ሳን ሆዜ ቤት ስንከራይ ያየነው መኝታ ክፍሉንና ጋራዡን ነበር። ሎሚውን ማን አይቶት! አከራያችን «ዛፉ በነፃ ነው» ብሎ እየሳቀ ቁልፉን ሰጠን። ለምን እንደሳቀ የገባን በኋላ ነው። የዚህ አገር ሎሚ እንደኛው ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ብርቱካን ያክላል፣ ማፍራትም አይሰለቸውም። ሻይ ላይ ጨመቅን፣ ሰላጣ ላይ ጨመቅን፣ ጉንፋን ሳይዘን የጉንፋን መድኃኒት ጠጣን። ለሥራ ባልደረቦቻችን በከረጢት አደልን። አላለቀም።

ሌመን ባር ይሠራ የሚለው ሐሳብ የሊዲያ ነው። ሊዲያ ልጃችን ናት፤ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ሌመን ባር ማለት ከሥሩ ብስኩት፣ ከላዩ ደግሞ የሎሚና የስኳር ቅልቅል የረጋበት፣ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ የሚበላ ጣፋጭ ነው። ለሃሎዊን እንጋግረው አለች። ሃሎዊንን መቼም ሰምታችኋል፤ ኦክቶበር ሲያልቅ ልጆች ጭራቅ፣ ልዕልት፣ ምናምን መስለው ቤት ለቤት እየዞሩ ጣፋጭ የሚሰበስቡበት ምሽት ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ኦክላንድ ሳለን ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ለሃሎዊን በራችንን ያንኳኳ ልጅ የለም። ሳን ሆዜ ከገባን ደግሞ ገና ጥቂት ወራችን ነው። የመንገዱ ልጆች አንዱ በሌላው ግቢ ሲሯሯጡ ልጄ በመስኮት ታያለች። ነይ እንጫወት ያላት የለም። ታዲያ አንድ ቀን፣ ምን ድፍረት እንደሰጣት እንጃ፣ ክፍል ውስጥ ተነስታ «ለሃሎዊን እኛ ቤት ሌመን ባር አለ፣ ኑ!» ብላ ለፍፋ መጣች። ከዚያ ወዲያ ልትተኛ ስትል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምትጠይቀኝ። «ዳዲ፣ ባይመጡስ?» አንጀቴን በላችው። ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

ለእንዲህ ያለው ነገር እኔ የምጠራው ሰው አንድ ነው፤ እትዬ ወርቄን። ታላቅ እህቴ ናት። ኦክላንድ ውስጥ አንድ ሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ትውላለች። ከሆቴሉ ስትወጣ ደግሞ የወለደች ትጠይቃለች፣ የታመመ ታስታምማለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች። መቼ እንደምትተኛ አላውቅም። እኔ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የምጎትት የትራክ ሹፌር ነኝ። በሃሎዊን ዋዜማ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ትራኬን አቁሜ በመኪናዬ ከቤቷ ወሰድኳትና በ880 አውራ ጎዳና ትራፊክ እየተንፏቀቅን ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ባለቤቴ ሰብለ «እትዬ የሰይጣን በዓል ነው ብለው ቤቱን ጠበል እንዳይረጩብን» ብላ ስለሰጋች፣ መንገድ ላይ ሃሎዊንን አለሳልሼ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ልጆቹ በር ድረስ ይመጣሉ?» አለችኝ። ይመጣሉ አልኳት።

«ስጡን ይላሉ?»

ይላሉ።

«የሚበላ ይሰጣቸዋል?»

ይሰጣቸዋል።

«ታዲያ ቡሄ ነው አትለኝም!» ብላ ወንበሯን አመቻችታ ተቀመጠች። ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔ ስንት ስብከት አዘጋጅቼ ነበር!

ግን ቡሄ ነው ከተባለ ጣጣም አለው። በቡሄ ልጅ በር ላይ ጨፍሮ ሙልሙል ይሰጠዋል። ሙልሙል ደግሞ ቤት ይጋገራል እንጂ ከሱቅ አይገዛም። ሰብለ ለመጠባበቂያ ብላ አንድ ትልቅ ከረጢት የታሸገ ካራሜላ ገዝታ ነበር። እትዬ ወርቄ ከረጢቱን እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። በራችን ድረስ ለመጣ የሰው ልጅ የሱቅ ካራሜላ ልንወረውር ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሰብለ አፈረችና በዚያው ምሽት ለሱቁ መለሰችው። መጠባበቂያችን በዚሁ ሄደ።

ቀጥሎ ሰብለ ሳንታ ክላራ መሥሪያ ቤቷ ከምትሠራ ጓደኛዋ ያመጣችውን አሠራር መናገር ጀመረች። ቅቤ ይህን ያህል፣ እንቁላል ይህን ያህል። እትዬ ወርቄ እጇን አነሳች።

«ነገ ምንድን ነው?»

«አርብ» አለች ሰብለ።

«እንግዲያው ቅቤና እንቁላሉን መልሺው።»

«እትዬ፣ ልጆቹ እኮ አይጾሙም። እርስዎ አይቅመሱት እንጂ ለእነሱ ምን ችግር አለው?»

«እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው ልጅ ልሰጥ?» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው። እናታችን ቤት ጠላ እንኳ የምትቀዳዋ ሴት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አይቀርብም ነበር። እትዬ ወርቄ ይህን ሥርዓት ተሸክማ በሱዳን አልፋለች፣ ኦክላንድ ገብታለች። ለሃሎዊን ልትጥለው ነው?

እንቁላልና ቅቤ የሌለው ሌመን ባር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩ። ወይም እትዬ ወርቄን ጥሩ። ዱቄቱን በዘይትና በስኳር አሽታ ትሪ ላይ ጠቀጠቀችውና ኦቨን ውስጥ ከተተችው። ለላዩ ደግሞ የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳር፣ ውሃና የበቆሎ ስታርች ድስት ውስጥ ጨምራ እንደ አጥሚት ታማስለው ጀመር። የመጀመሪያው ትሪ ፈሰሰ፤ በማንኪያ በላነው። ሁለተኛው የጫማ ሶል ሆነ፤ እሱንም በላነው። እኔ በልቤ ያንን የካራሜላ ከረጢት አስታወስኩ። እሷ ግን ፊቷ ላይ ምንም የለም። ድስቱን አጥባ እንደገና ጣደች። ሦስተኛው ረጋ! ጣት ስታሳርፉበት ትንሽ ዝቅ ይልና መልሶ ቀና ይላል።

ችግሩ መልኩ ነው። እንቁላል ስለሌለው ነጣ፤ የታመመ ሰው መሰለ። እትዬ ወርቄ ቅመም ወደምናስቀምጥበት ካቢኔት ሄዳ በሁለት ጣቷ እርድ ቆንጥራ ለሚቀጥለው ድስት በተን አደረገችበት። «ወጥ ወጥ እንዳይል!» ብላ ሰብለ ጮኸች። አላለም። ወርቅ የመሰለ ቢጫ ሆነ። እኔ ይቺን እህቴን ስንት ዓመት አውቃታለሁ፣ ዛሬም ትገርመኛለች። የማታውቀውን የሰው አገር ምግብ የራሷ ጾም ውስጥ አስገብታ ከነመዓዛው አወጣችው።

ሊዲያ ልጣጩን እየፈቀፈቀች ስታግዝ አመሸች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ደግሞ ኮኮዋና ስኳር በውሃ በጥብጣ በእያንዳንዱ ባር ላይ የሸረሪት ድር ሣለች። ለሃሎዊን እንዲህ ነው የሚጌጠው። ሸረሪቷንም ልትጨምር ስትል እትዬ ወርቄ እጇን ያዘቻት። ድሩን ትፈቅዳለች፣ ሸረሪቷ ግን የሰው ምግብ ላይ አትወጣም። ተደራድረው ሸረሪቷን በሩ ላይ በወረቀት ሰቀሏት።

ምሽቱ ደረሰ። ሊዲያ ንብ ሆናለች፤ ክንፍ አላት፣ ጭንቅላቷ ላይ ሁለት አንቴና። እትዬ ወርቄ ነጠላዋን አጣፍታ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ልጆች ከአባታቸው ጋር መጡ። አባትየው የካውቦይ ባርኔጣ አድርጓል። ልጆቹ «ትሪክ ኦር ትሪት!» አሉ፤ ጣፋጭ ስጡን ማለታቸው ነው። እትዬ ወርቄ ፈገግ ብላ ጠበቀች። ልጆቹም ጠበቁ።

«አይቀጥሉም እንዴ?» አለችኝ ዞር ብላ። «ይችን ብቻ ብለው ሊሄዱ?»

ይችው ናት አልኳት። የዚህን አገር ልጅ ጭፈራ አላለመዱትም ብላ አዘነችላቸውና ትሪውን ዘረጋች። ባለ ባርኔጣው አባት ቶሎ ብሎ የልጆቹን እጅ ያዘ። በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ አመስግኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ልጆቹ የሚወስዱት የታሸገ ብቻ መሆኑን ነገረንና ሄዱ። ሁለተኛዎቹም እንደዚያው። ሦስተኛዋ የሊዲያ የክፍል ጓደኛ ጄኒ ናት፤ ክፍል ውስጥ ኑ ስትል ልመጣ እችላለሁ ያለቻት። ጄኒ እጇን ስትሰድ እናቷ ጎትታ መለሰቻት።

ሊዲያ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አንቴናውን አውልቃ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለች እትዬ ወርቄ። እኔ ምን ልበል? የዚህ አገር ሕዝብ የማያውቀው ሰው የጋገረውን በሃሎዊን ለልጁ እንደማይሰጥ፣ ምላጭ አለበት፣ መርዝ አለበት ብሎ እንደሚፈራ እንዴት አድርጌ ለእትዬ ወርቄ ልንገራት? ጠግበው ነው አልኳት። ልጅ ጣፋጭ ጠገበ ሲባል ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

«ኖ፣ እትዬ» አለች ሊዲያ ከተቀመጠችበት። «ፖይዘን ያለው መስሏቸው ነው። መርዝ።»

ሰብለ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ቆመች። አሁን ተቀየመች፣ አሁን ትሪውን ይዛ ገባች ብዬ ጠበቅኩ።

«ልክ ናቸው!» አለች እትዬ ወርቄ።

«ምን?» አልኳት።

«ልክ ናቸዋ! የማያውቁት ሰው የሰጣቸውን ዝም ብለው የሚጎርሱ ልጆች ምኑን አደጉ? ጥፋቱ የኛ ነው። ማን ቀመሰላቸው?» ብላ ወንበር አምጣ አለችኝ። ትንሿን ጠረጴዛ አወጣን፣ ከበሩ አልፈን መኪና መግቢያው ላይ መብራቱ ሥር አስቀመጥናት። እትዬ ወርቄ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠችና ሊዲያን አንቴናሽን አድርጊ፣ ያንን ባለ ባርኔጣ ጥሪው አለቻት።

ሊዲያ ጮክ ብላ ጠራችው። ከመንገዱ ማዶ ነበር፤ ልጆቹን ይዞ ተመለሰ። እትዬ ወርቄ አንድ ባር አንስታ በእጇ ለሁለት ቆረሰች። «ሚ ፈርስት» አለችና ግማሹን ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች፣ አፏን ከፍታ አሳየችው። ከዚያ ሌላውን ግማሽ ለትንሹ ልጁ ዘረጋች። ሰውዬው መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። «ኦኬ» አለ። ልጁ ጎረሰ። «ዳድ! ዳድ! ኢትስ ጉድ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ምኑን ልንገራችሁ! ወሬው መንገዱን ዞረ። ልጆቹ ለጣፋጩ ይምጡ ለትርኢቱ እንጃ፣ ብቻ ተሰለፉ። ጄኒም እናቷን እየጎተተች መጣች። ሊዲያ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ታስተረጉማለች፣ ተራ ታስይዛለች፣ «አንቲዬ ቀማሽ ናት» እያለች በእንግሊዝኛ ታብራራለች። የአንዱ ልጅ ስም ሲጠራ የሷም አብሮ ይጠራል። ሊዲያ! ሊዲያ ነይ! ከዚህ በፊት በዚያ መንገድ ላይ ስሟ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔ ዕንባ አቀረረ፤ በሎሚው አሳበብኩ።

አንድ ጊዜ ከትሪው ቀምሰሽ ብታሳዪ ይበቃል አልኳት እትዬ ወርቄን። ተቆጣችኝ። መርዙ ሁለተኛው ላይ ቢሆንስ? ልተካሽ አልኳት። «አንተማ ፊትህ አያሳምንም» አለችኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቆርሳ፣ ግማሹን ጎርሳ፣ ግማሹን ሰጥታ፣ ቀኑን ሙሉ ጾማ የዋለች ሴት በዚያ ምሽት የዋጠችውን ሎሚ እግዜር ይወቀው። አንዴም ፊቷን አላጨማደደችም። የመጨረሻውን ባር ስትቆርስም እንደ መጀመሪያው አፏን ከፍታ አሳየች።

ትሪው ባዶ ሲሆን ተራው የሊዲያ ሆነ። ከረጢቷን ያዘች፤ እኔና እትዬ ወርቄ ተከተልናት። መጀመሪያ ያንኳኳነው ያንን የባለ ባርኔጣውን ቤት ነው። ደስ ብሎት አንድ የታሸገ ቸኮሌት ከረጢቷ ውስጥ ሊጥል ሲል እትዬ ወርቄ ከኋላዬ ወጣችና ጣቷን አነሳች።

«ዩ ፈርስት።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ከፋብሪካ የታሸገ ነው» አልኳት በጆሮዋ።

«ፋብሪካውን ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም። ሰውዬው እየሳቀ ወረቀቱን ቀደደ፣ ቸኮሌቱን ለሁለት ሰበረ፣ ግማሹን ጎረሰ፣ አፏን እንደከፈተችው እሱም አፉን ከፍቶ አሳየ። እትዬ ወርቄ በጭንቅላቷ አሳለፈችው። ቀጥሎ የጄኒ እናት፣ ቀጥሎ ውሻ ያላቸው ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ስማቸውን የማናውቃቸው ባልና ሚስት። እትዬ ወርቄ ማንንም አልማረችም። የሚገርመው ደግሞ አንድም ሰው አልተቀየመም።

ቤት ስንመለስ ሰብለ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ግማሽ ቸኮሌት፣ ግማሽ ኩኪ፣ የተቆረሰ ካራሜላ፣ የተቀደደ ወረቀት። ደነገጠች።

«የልጄን ጣፋጭ ማን ነው እንዲህ የበላው?»

ሊዲያ ክንፏን ሳታወልቅ፣ አፏ ሁሉ ቸኮሌት እንደሆነ፣ በኩራት ቀና አለች።

«መንገዱ ሁሉ! ዘ ሆል ስትሪት፣ ማሚ!»