ክርኑ የተባለው ቤዝ መቺ ፊቱን የገለጠበት ዜና

በዘመነ ስልክ፣ ካሴት ከሞተ ሲዲም ወፍ ማባረሪያ ከሆነ በኋላ፣ ዘፋኟ ፀጉረ ሙሉ በነጠላ ዜማ በነገሠች በሁለተኛው ዓመት፣ የአራቱ ክሮች ጌታ፣ የወፍራም ድምፅ ባላባት፣ ጓደኞቹ «ክርኑ» የሚሉት ቤዝ ጊታር መቺ የፈጸመው ገድል ይህ ነው። ለቤዝ መቺ ዜና መዋዕል የሚጽፍ ጸሐፊ ከቶ ስላልተገኘ ገድሉን የጻፈው ራሱ ባለ ገድሉ ነውና፣ ምስጋናው ቢበዛ አንባቢ ይታገሠው።

«ክርኑ» መባሉም በከንቱ አይደለም። በብዙ ክሊፕ ተሰልፎ ሳለ አንዱ ጣቱን፣ ሌላው የጫማውን ጫፍ፣ የቀሩት ሁሉ ቀኝ ክርኑን ብቻ ለሕዝብ አሳይተዋልና፤ ፊቱንማ ወይ ጢስ ይጋርደዋል፣ ወይ የዘፋኟ ፀጉር። እናቱም በጎረቤት ፊት አፍረው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማኝ! ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ዓይኔም እየደከመ ነው። ዘንድሮ ፊትህን ካላሳየኸኝ፣ ክርንህ ብቻውን መጥቶ እራቱን ይብላ!»

ይህንም በሰማ ጊዜ ጀግናው ጢሙን ተላጭቶ፣ የወንድሙን ነጭ ሸሚዝ ተውሶ፣ ቀረጻው ወደሚደረግበት ባዶ መጋዘን ዘመተ። አብረውት የተሰለፉትም እነዚህ ናቸው፦ ዱላውን ቤት የሚረሳው ድራም መቺ፤ ገመዱ ሳይሰካ በፍጹም ስሜት የሚጫወተው ኪቦርድ መቺ፤ ተወዛዋዦቹ ከነማስቲካቸው፤ ከሁሉም የከፋው ጠላት፣ የጢስ ማሽኑ ጠባቂ።

ጀግናውም የቀድሞ ሽንፈቱን መርምሮ፣ ከዘፋኟ ግራ ትከሻ ኋላ ፀጉሯም ጢሱም የማይደርስበት ክፍተት መኖሩን ሰልሎ፣ በመካከል የቆመውን ከባድ የድምፅ ማጉያ ሣጥን እያንቋቋ በመግፋት ላይ ሳለ፣ ዳይሬክተሩ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ሁላችሁም ልብ በሉ! ምስሉ ሕልም እንዲመስል በኋላ እናዘገየዋለን። ስለዚህ አሁን ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚለቀቀው፤ አፍም እጅም አብሮ ይፍጠን። በኋላ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር!»

ሁሉም ሰሙ፤ ሣጥን ገፊው ብቻ አልሰማም።

ዘፈኑም እንደ ተነካ የንብ ቀፎ በተንጫጫ ጊዜ፣ ዘፋኟ አፏን ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ባፈጠነች ጊዜ፣ ጀግናው ማጫወቻው አበደ ብሎ የሙያውን ሕግ አሰበ፤ ሕጉም ሌላው ቢሮጥ ምሰሶ አይሮጥም ይላል። ስለዚህ ዘፈኑን በሚያውቀው ምት ብቻውን ጸንቶ መታ፤ ፈገግም ብሎ ፊቱን ወደ ካሜራው አቀና።

ክሊፑ በወጣ ጊዜ ግን፣ የዘገየው ምስል ሌሎቹን ሁሉ ከዘፈኑ ጋር አስማማ፤ አስቀድሞ የዘገየውን ጀግና እንደገና አዘገየው። ዓይኑን ለመጨፈን አንድ ስንኝ፣ ለመግለጥ ሌላ ስንኝ ፈጀ፤ በአዝማቹ የጀመረው ፈገግታ ጥርሱ ላይ የደረሰው ሁለተኛው አዝማች ሲመጣ ነው። የምስሉ አቀናባሪ ሊቆርጠው መቀሱን ቢያነሣም፣ ፀጉረ ሙሉ ከዙፋኗ ሆና «አትንኩብኝ! ያ ሰውዬ ኋላዬ ቆሞ ቢያንቀላፋም እኔ አምሬበታለሁ፣ እንዳለ ይውጣ!» ብላ አወጀች። ጓደኞቹም «ክርኑ»ን ሽረው «ኤሊው» ብለው ሾሙት።

ጎረቤቱም ሁሉ በእናቱ ሳሎን ተሰብስቦ፣ ያን ፊት አይቶ በሳቅ ሲፈርስ፣ ጀግናው ደጅ ቆሞ ፍርዱን ይጠብቅ ነበር። እናቱ ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ፣ ከአገጩም እስከ ግንባሩ፣ ሳይቸኩሉ አዩት፤ ያ የደከመ ዓይን ፈጣን ፊት አይዝም ነበርና። ከዚያም የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«ምን ያስገለፍጣችኋል? ሰው ሁሉ ሲክለፈለፍ፣ የኔ ልጅ እናቱ እስክታየው ጠበቀ። አንተ፣ ምን ደጅ ይገትርሃል? እራቱ ሳይቀዘቅዝ ግባ!»

እነሆ የአራቱ ክሮች ጌታ፣ የምት ምሰሶ፣ የሚሮጡትን ሁሉ በመዘግየት የረታ፣ ጢስና ፀጉር ያልጋረዱት፣ ፊቱን አስቀድሞ ክርኑን አስከትሎ፣ በታላቅ ክብር ወደ እራቱ ገባ።