ሁለት ሹም ያጣላ እስረኛ

ከጌታ ሁሉ የሚከፋው የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሁለት የሆነው ነው እላችኋለሁ። አንዱን ጌታ ጠባዩን ታጠኑታላችሁ፤ ሲቆጣ ትሸሻላችሁ፣ ሲስቅ ትጠጋላችሁ። ሁለት ሲሆኑ ግን አንደኛው የሳቀበት ሌላውን ያስቆጣዋል። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ በአንድ ሩቅ አገር ያለ ፈቃድ የገባውን ሰው መያዝ ያለበት የክፍለ ሀገሩ ሹም ነው ወይስ ማዕከላዊው መንግሥት እያሉ ሊቃውንት ሲሟገቱ ሰማሁ። አንዱ ሕግ ይጠቅሳል፣ ሌላው በሕግ ይመልሳል። በየመሀሉ አንድ ሻንጣ ያንጠለጠለ ሰውዬ ያሳያሉ፤ እሱን ግን የት ልትሄድ ነው ብሎ የጠየቀው የለም። "እማማ፣ እንዲህ ያለ ክርክር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። እኛ ኮልፌ ላይ ይህን ክርክር የተከራከርነው እሱ ሳይወለድ፣ አባቱም ሳይታሰብ፣ በጣልያን ጊዜ ነው።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ዝሆን አይቼ አላውቅም። እኔ ያኔ ገና በወጣትነቴ ባል የሞተብኝ ጠላ ሻጭ ነበርኩ፤ ያየሁት ሣሩን ነው።

ጣልያን አዲስ አበባን እንደያዘ ሰውን እንደ እህል ይለየው ጀመር። ነጩን እዚህ፣ ጥቁሩን እዚያ፤ ከገጠር የሚመጣውን ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት ዝር እንዳይል። ቤቴ ዛሬ አየር ጤና ከሚባለው ወዲህ፣ ከአንዲት ወንዝ ዳር ነበረች። ከወንዙ ወዲህ የከተማው ገዥ ያዛል። ከወንዙ ወዲያ ጣልያኑ ራሱ የሾመው ጭቃ ሹም ያዛል። ወረቀት የሌለው ሰው ወዲህ ከተያዘ ታስሮ ይከርምና በካሚዮን ተጭኖ ወደ መጣበት ይመለሳል። ወዲያ ከተያዘ የጭቃ ሹሙን መሬት ሲቆፍር ይሰነብታል፤ ሹሙ ሲጠግብ ይለቀዋል። ስለዚህ ያ ሰው ለአንደኛው ከአለቆቹ የሚያገኘው ምስጋና ነው፣ ለሌላው ጉልበት። ሁለቱም ይፈልጉታል፤ ለምን እንደሚፈልጉት ግን እሱን አይነግሩትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማለዳ፣ ወንዙ ገና እስከ ጉልበት ሞልቶ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከወዲያ ማዶ መጣ። ከጉራጌ አገር በእግሩ የመጣ ነው፤ ጋቢውን ሰብስቦ፣ በትሩን ተመርኩዞ ገባበት። ስሙ አባ ዘርጋ እንደሚባል ኋላ ነው የሰማሁት። ወንዙ መሀል ሲደርስ ደከመውና ቆመ። ምናለ እዚያ ባይቆም!

ከወዲህ ደምሴ የሚባል የከተማው ባንዳ፣ ከወዲያ ጉርሙ የሚባል የጭቃ ሹሙ ዘበኛ፣ ሁለቱም እኩል አዩት።

"ቁም! ወደ ከተማ ስትገባ ተይዘሃል!" አለ ደምሴ።

"ማን የያዘውን ማን ሊወስድ! ገና መች ተሻገረ?" አለና ጉርሙ ዘሎ ገባ።

እየጎተቱ ቤቴ ደጅ ካለው ድንጋይ አጠገብ አወጡት። ደምሴ የጋቢውን አንድ ጫፍ ከዝናሩ ጋር ቋጠረ፤ ጉርሙ ሌላውን ጫፍ ከመቀነቱ ጋር። ይህ ቁራኛ ይባላል። በእኛ አገር ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ዳኛ ከራቀ ደግሞ ያገኙትን መንገደኛ አስቁመው "በሕግ አምላክ፣ ዳኘን" ይሉታል፤ መንገደኛውም ሥራ አለብኝ አይልም፣ ተቀምጦ ይዳኛል። ደምሴ የጣልያን ቆብ ቢደፋም፣ ጉርሙም ለጣልያን ሹም ቢያድርም፣ ያሳደጋቸው ይህ ልማድ ነውና ሁለቱም መንገደኛ ፍለጋ ዞር ዞር አሉ። ማን ይምጣ! የባንዳ ቆብ ያየ ሁሉ ሣር ውስጥ ገብቷል። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ጉርሙ ወደ እኔ ሲያይ ደምሴ "ደሞ ሴት ትዳኘን?" ብሎ ሳቀ። ጠላዬን ሲጠጣ ሴትነቴ ትዝ ብሎት አያውቅም።

ይሄኔ ሽማግሌው "ልጆቼ፣ በአገሬ ስንት ደም ያደረቅሁ ሽማግሌ ነኝ። ዳኛ ካጣችሁ እኔ ልዳኛችሁ" አሉ።

"እስረኛው ራሱ?" አለ ጉርሙ።

"ወረቀት እንደሌለኝ አልካድኩም። የተጣላችሁት የማን ነው በሚለው ነው። ይህ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ማንን ይመለከታል?"

ሊስቁ ብለው ነበር። እሳቸው ግን በቁራኛ እንደተያዙ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጠበቁ። ደምሴ ቆቡን አወለቀ። ጉርሙ ነጠላውን አደገደገ። ከዚያ ወዲያ "አንተ ሽማግሌ" ቀርቶ "ጌታዬ" ሆነ።

"በላ ልበልሃ!" ብሎ ጀመረ ደምሴ። "ጌታዬ፣ ይህ ሰው እግሩ ውኃ ውስጥ ቢሆንም ልቡ ከተማ ገብቷል። ሰው ባሰበበት ይያዛል። ባይሆን በቅሎ ይሁንብኝ!"

"ሐሳብ በገመድ አይታሰርም፣ ጌታዬ" አለ ጉርሙ። "ወንዙ የሚወርደው ከእኛ ሹም መሬት ነው። ወንዙ የእኛ ከሆነ ወንዙ ውስጥ ያለውም የእኛ ነው። እኔም በበቅሎ!"

አንዳቸውም የሚወራረዱበት በቅሎ አልነበራቸውም። እሰጥ አገባው ግን ደራ፤ ሽማግሌውም አንዱን ሲናገር ሌላውን በእጃቸው ዝም እያሰኙ፣ ያልጠራውን እየጠየቁ፣ ከሁለቱም በኩል እኩል ሰሙ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። አገሩ ሁሉ በጠመንጃ ሲዳኝ ከርሞ፣ ደጄ ላይ ለአንድ አፍታ ችሎት ተዘረጋ።

በመጨረሻ "አንድ የቀረ ጥያቄ አለ" አሉ። "የተያዘው ሰው ወዴት ነው የሚሄደው? ከወንዙ ወዲህ ከሆነ የደምሴ ነው፤ ወዲያኛው ዳር ሊቀር ከሆነ የጉርሙ።" ይህን ብለው ከድንጋዩ ተነሡ፣ ተከሳሽ የሚቆምበት ቦታ ቆሙና ለራሳቸው ጥያቄ ራሳቸው መለሱ።

"ዘነበወርቅ ነው የምሄደው። ልጄ ብርቄ እዚያ ከሕሙማኑ ጋር ናት። ጠንቶባታል ብለው ላኩብኝ። ነፍሷ ሳይወጣ ልድረስባት ብዬ ነው።"

ያኔ ዘነበወርቅ ሲባል ሥጋ ደዌ ማለት ነበር። በዚያ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍን ነበር። ሽማግሌው ጤነኛ ናቸው፣ ልጃቸውንም ገና አላገኙም፤ ፍርሃት ግን ይህን አይጠይቅም። ደምሴ የጋቢውን ጫፍ የያዘ እጁን አየ። ቋጠሮውን በጣቱ መፍታት ጠልቶ በሳንጃው ጋቢውን ቆረጠው። ጉርሙ ሳንጃ የለው፤ መቀነቱን ከነቋጠሮው ጥሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ውሰደው፣ ያንተ ነው! ወንዙ የእኛ ነው አላልክም?" አለ ደምሴ።

"ኧረ ያንተው ነው! ልቡ ከተማ ገብቷል ያልከው ማነው?" አለ ጉርሙ፤ ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ወንዙን ተሻገረ። ደምሴም በወዲህ በኩል መንገዱን ያዘ።

"ቆዩ፣ ፍርድ አልሰጠሁም!" አሉ አባ ዘርጋ። "በሕግ አምላክ!"

ይህ ቃል ምን እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ያቅተኛል። ሲሰማው የሚሮጥ ይቆማል፤ በትር ያነሣ እጁ እዚያው ይቀራል። ያን ቀን አንዳቸውም አልቆሙም። አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሄዱ። ጣልያን ሲገባ ያላለቀስኩ ሴትዮ ያኔ አለቀስኩ።

መርፌና ክር አምጥቼ የተቆረጠውን ጋቢ መስፋት ጀመርኩ። "አትፍሪ ልጄ፣ ገና አላገኘኋትም" አሉኝ።

"አልፈራሁም፣ አባቴ። ለማን ሊፈርዱ ነበር?"

"ለደምሴ" አሉ። "ዘነበወርቅ ከወንዙ ወዲህ ነው።"

"ካሚዮን ላይ ሊጭንዎ? ልጅዎስ?"

"ፍርድ ነዋ" አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ደረሱባት። እስክትሞት ድረስም አጠገቧ ሰነበቱ። በዚህ መካከል ግን ወሬው ከወንዝ ወዲያ ተዛምቶ ኖሯል። ወረቀት የሌለው ሁሉ ወንዙ መሀል ሲደርስ "ዘነበወርቅ ነው የምሄደው" ይላል፤ ደምሴ ወደ ሰማይ ያያል፣ ጉርሙ ወደ ጫካ ያያል። ቆዳ የተሸከመ ነጋዴ፣ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ፣ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ ጎረምሳ ሳይቀር፣ ሁሉም ዘነበወርቅ ሕመምተኛ አለው። ሁለቱ ሹማምንት በየፊናቸው ነገሩ የሌላው ሥልጣን ነው እያሉ ተዉት። ዛሬ ኮልፌ ውስጥ አያቶቻችን በንግድ መጡ የሚሏችሁ ቤተሰቦች አሉ፤ በየት በኩል እንደገቡ አትጠይቋቸው።

አባ ዘርጋ ልጃቸውን ቀብረው ሲመለሱ ደጄ አረፉ። ጠላ ቀዳሁላቸውና ወሬውን እየፈራሁ ነገርኳቸው፤ በልጃቸው ሕመም ሰው ሲነግድ ይከፋቸዋል ብዬ ነበር። ጣሳውን መሬት አስቀመጡ።

"ሕመሙ የወጣባት ጊዜ ከመንደር አስወጣናት" አሉ። "ወንዝ ስትሻገር እጇን የሚይዝላት አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልያዝኳትም። አሁን እሷ ስንቱን አሻገረች።"